የባንክ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ያለበት ዕዳ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የገንዘብ ቤተ መዘክርና ለሕዝብ የሚሰጠው ገለጻ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ አንድ ቤት ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም በሎንዶን ከተማ የሚገኘው የእንግሊዝ ባንክ ቤተ መዘክር ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ባንኩ በ1694 ተቋቁሞ፣ ከ250 ዓመት በላይ የባለ አክሲዮኖች ንብረት ሆኖ ከኖረ በኋላ በ1946 ወደ መንግሥት ተዛወረ። ቤተ መዘክሩ ለሕዝብ የተከፈተው ግን በ1988 ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ይህን ብዙዎች እንደ ቸርነት ይቆጥሩታል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ባንኩ የሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝቡ ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ የበር ገንዘብ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ጎብኚውን ሁሉ የሚስበው ዕቃ ጥፍጥፍ ወርቅ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተበጅቶለታልና፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ሊያነሣው ይሞክራል። 13 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በአንድ እጅ ማንሣቱ ቀላል አይደለም። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም ወርቁን ያነሣ ሰው ስለ ወለድም ሆነ ስለ ዋጋ ንረት አንዳች ሳያውቅ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ገለጻ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ይታያል እንጂ አይጠየቅም፤ ተናጋሪ ግን ይጠየቃል።

ጥያቄውም ሁልጊዜ የሚመች አይደለም። በ2022 ቤተ መዘክሩ ባንኩ ከባርነት ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚያሳይ ትርኢት ከፈተ። ነገሩን የሙያ ባልደረቦቼ በቀላሉ ይረዱታል። በ1770ዎቹ አሌግዛንደር ኤንድ ሳንስ የተባለ የነጋዴዎች ድርጅት ከባንኩ የተበደረውን መክፈል ስላቃተው፣ በግሬናዳ ደሴት የነበሩ ሁለት እርሻዎች ለባንኩ ሆኑ። ከእርሻዎቹም ጋር በባርነት የተያዙ 599 ሰዎች የባንኩ ንብረት ሆኑ። በሒሳብ ሥራ ዓይን ሲታይ የተለመደ ጉዳይ ነው፤ ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር አበዳሪው መያዣውን ይረከባል። መዝገቡ ያለ ስሕተት ተጽፎ፣ ሚዛኑም ገጥሞ ይሆናል። ትርኢቱ ግን የእነዚያን ሰዎች ስም አውጥቶ በጎብኚው ፊት አኖረ። ማንም መንገደኛ ያለ ክፍያ ገብቶ ያንን ዝርዝር ለማንበብና «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ መቻሉን ከወርቁ አስበልጬ እመለከተዋለሁ።

አንድ ነቀፋ አለኝ። ከጥቂት ልዩ ቀኖች በቀር ቤቱ ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ቲኬት ባይቆርጥም የአንድ ቀን ደመወዙን ከፍሎ ይገባል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአቢሲንያ ባንክ በ1906 ሥራ ጀምሮ በ1931 በኢትዮጵያ ባንክ ተተክቷል። ይህን ታሪክ ለተራው ዜጋ ከእኛ ከሒሳብና ከባንክ ሠራተኞች ይልቅ ማን ሊነግረው ይችላል? ስለዚህ ማኅበራችን በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት የሆነ ገለጻ እንዲያዘጋጅ አሳስባለሁ። ለጥያቄ የሚሰጠውም ጊዜ ለንግግሩ ከሚሰጠው ይብለጥ። ይህንኑ ከዛሬ ለመጀመር እዚህ ላይ አቆማለሁና ጥያቄያችሁን አቅርቡ።