ሀብት አደራ ስለ መሆኑ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ ካህናት፥ የተወደዳችሁ ምዕመናን ሆይ፤

ዛሬ ኢዮቤልዩ እያልን ስናሸበሽብ የስሙን ምሥጢር እንዳንዘነጋ እፈራለሁ። ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የበዓል ስም ብቻ አይደለም፤ የሀብት ሕግም ነው። በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በችግር ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ራሱን የሸጠ ወደ ወገኑ ይመለሳል። የርስቱም ዋጋ የሚቈጠረው እስከ ኢዮቤልዩ በቀሩት የመከር ዓመታት ልክ ነበረ፤ ብዙ ዓመት ቢቀር ዋጋው ይበዛል፥ ጥቂት ቢቀር ያንሳል። እንግዲህ ገዢው የሚገዛው አዝመራውን እንጂ ምድሪቱን አልነበረም፤ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናትና።

ከዚህ የምንማረው ሀብት ኀጢአት አለመሆኑን፥ ነገር ግን አደራ መሆኑን ነው። አብርሃም ባለጠጋ ነበረ፤ ድንኳኑ ግን ለእንግዳ ክፍት ነበረ። ነዌም የተኰነነ መልካም ልብስ ስለ ለበሰ አይደለም፤ በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን አይቶ እንዳላየ ስላለፈው ነው እንጂ።

በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስም ከባለጠጋ ቤት የተወለደ ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ፥ ጐተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች በብርቱ ቃል ገሠጸ፤ በቃልም ብቻ ሳይቀር ረኃብተኞችን ሰብስቦ አበላ። ኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከከተማይቱ ውጭ ለድውያንና ለእንግዶች ማረፊያ ሠራ።

ሌላውን ብቻ እንዳልገሥጽ የራሴንም ልንገራችሁ። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቼ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ስዞር፥ አንዲት ባልቴት ለማታ ካስቀመጡት አንድ እንጀራ እኩሌታውን ቈርሰው ይሰጡኝ ነበር። ዛሬ ለእኔም ቤትና እህል አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ከደጄ ቆሞ በዚያው ስም ቢለምን፥ የኪራይ ሂሳብ ይዤ ነበርና፥ እግዜር ይስጥህ አልሁት። ያለኝን እኔ ይዤ የመስጠቱን ሥራ ለእግዚአብሔር መተዌ ነው። ሂሳቡን ጨርሼ ብወጣ ልጁ ሄዷል። ባልቴቲቱ በግማሽ እንጀራ ሰፊ ነበሩ፤ እኔ ጐተራ ሞልቶልኝ ጠበብሁ።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለው ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ምሳሌ ነው። አንጥረኛው የሰሙን ምስል በጭቃ ለብጦ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ፈሶ በለቀቀው ስፍራ ወርቁ ይገባል። ሰሙ ካልፈሰሰ ወርቁ መግቢያ የለውም። ገንዘባችንም እንዲሁ ሰም ነው፤ ለድኻው ካልፈሰሰ ጽድቅ የምትገባበት ስፍራ አይገኝም።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የኢዮቤልዩው መለከት በመጽሐፍ ብቻ ተነፍቶ እንዳይቀር፥ መክፈል ላቃተው ድኻ ያበደረ ዕዳውን ይማር፤ ደጁን የዘጋ ይክፈት። ይህም ከእኔ ደጅ ይጀመር።

ለዚህ ያብቃን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።