«ሀ» ለምን 4608 ሆነች?

አድማጮቻችን፣ ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ግን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነው፤ ለዓለም ቋንቋዎች ጽሕፈት የተዘጋጀ አንድ የጋራ መዝገብ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ተካተተ። «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 ተባሉ፤ ቁጥራቸውም በየትኛውም አገር አንድ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ የአማርኛ ወይም የትግርኛ መልእክት ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

በድሮ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ያሏችሁ፣ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉን የሚያነብ አይገኝምና።