ለአጫሹ መውጫ፣ ለልጁ መግቢያ
(ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የጣት ያህል ዕቃ ነው። ክብሪት አትፈልግም፤ አመድ የላትም፤ ልብስ ላይ የሚቀር የሲጋራ ሽታም የላትም። ቤታችሁ ገብታ ሳለ ያላያችኋትም ለዚህ ነው። የእኔ ሥራ መድኃኒት ቤት ነው። «ይኼን ከልጄ ቦርሳ አገኘሁት፤ የኮምፒዩተር ፍላሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ብለው የጠየቁኝ ያገሬ እናቶች አንድ ሁለት አይደሉም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጭስ የሌለው ሲጋራ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኸርበርት ጊልበርት የሚባል የፔንስልቫኒያ ሰው ገና በ1963 ለፈጠራ መብት አመልክቶ በ1965 ተሰጥቶታል። ግን የሚያመርትለት ጠፋና ነገሩ ወረቀት ላይ ቀረ። ያኔ እኮ ሲጋራው ራሱ በየቴሌቪዥኑ እየተሞገሰ ይቸበቸብ ነበር! ገበያው እንዲያ ደርቶ ሳለ መተኪያ ማን ይፈልጋል?

ከ40 ዓመት በኋላ ነገሩን ሰው እጅ ያደረሰው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው። ራሱ የለየለት አጫሽ ነበር፤ አባቱንም የሳንባ ካንሰር ነጥቆታል። በ2003 ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ወደ ተን የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ። በ2004 ቻይና ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። ስሙንም «ሩያን» አሉት፤ «እንደ ጭስ» ማለት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ አውሮፓና አሜሪካ ገባ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሲጋራ ሰውን የሚገድለው በዋናነት በኒኮቲኑ ሳይሆን በእሳቱ ነው። ትንባሆ ሲቃጠል ሬንጅ የሚመስል ዝቃጭ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌላም ብዙ መርዝ ይወጣዋል። ኒኮቲኑ የሚሠራው ሥራ ሰውየውን አስሮ ማስቀመጥ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ግን አያቃጥልም። ባትሪ ቀጭን ሽቦ ያግላል፤ ሽቦው ደግሞ ፈሳሹን ያተናል። ፈሳሹም ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። ጉዳት የለውም አላልኩም፤ ከሲጋራው ጭስ ያነሰ ነው እንጂ!

ላጫሽ እንደሚጠቅምም ታይቷል። እንግሊዝ አገር ማጨስ ለማቆም በመጡ 886 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ከዓመት በኋላ በኤሌክትሮኒኩ ሲጋራ ያቆሙት 18 በመቶ ሲሆኑ፣ በማስቲካና ቆዳ ላይ በሚለጠፈው መድኃኒት ያቆሙት 9.9 በመቶ ነበሩ። ታዲያ የግራውን ትቼ የቀኙን ብቻ አልነግራችሁም። በኤሌክትሮኒኩ ካቆሙት 80 በመቶው ከዓመት በኋላም እሷኑ ይስቡ ነበር። ከእሳቱ ወጡ፤ ከሰንሰለቱ ግን አልተፈቱም።

ታዲያ ጉዱ ከየት መጣ? ከገበያው ነዋ! ሲጋራ ሻጮቹ ነገሩ ሊያጠፋቸው መሆኑን ሲያዩ ከመጣላት ይልቅ መግዛትን መረጡ። በ2012 ሎሪላርድ «ብሉ» የተባለውን በ135 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2013 ኢምፔሪያል ቶባኮ የዚያኑ የሆን ሊክን ኩባንያ የፈጠራ መብቶች በ75 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። አባቱን በሳንባ ካንሰር ያጣ ሰው የሠራው ዕቃ መልሶ ሲጋራ ነጋዴ እጅ ገባ። ይኼን ምን ትሉታላችሁ?

ቀጥሎ በ2015 ሁለት የስታንፎርድ ምሩቃን «ጁል»ን ይዘው ብቅ አሉ። መልኳ ፍላሽ፣ ጣዕሟ ማንጎ! ኒኮቲኑን ከአሲድ ጋር አዋህደው ጉሮሮ የማይቧጥጥ አደረጉት። ሲጋራን ያልለመደ ልጅ መጀመሪያ ሲስብ ያስለዋል፤ ያ ሳል የተፈጥሮ ዘበኛ ነበር። ዘበኛውን አስወገዱት። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይሸጡ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ20 በላይ አይፈቅድም። አንዷ ብልቃጥ ከአንድ ፓኮ ሲጋራ ጋር እንደምትመጣጠን የተናገረው ራሱ ኩባንያው ነው።

ውጤቱን ስሙ። ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚስቡት በ2017 11.7 በመቶ ነበሩ። በ2018 20.8፣ በ2019 27.5 በመቶ ደረሱ። ከአራት ልጆች አንዱ ማለት ነው! ይኸው እሳት በሚንቀለቀልበት በታኅሣሥ 2018 ማርልቦሮን የሚሸጠው አልትሪያ የጁልን 35 በመቶ በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው የሃምሳ ዓመት አጫሽ ሊያድን ነው ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ!

መንግሥትስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በ2009 ዕቃው ከውጭ እንዳይገባ ሊያግድ ቢሞክርም፣ በ2010 ፍርድ ቤት «ይህ የትንባሆ ውጤት እንጂ መድኃኒት አይደለም» አለው። የቁጥጥር ደንብ እስኪወጣ 2016 ደረሰ። ዕድሜው 21 ያልሞላ እንዳይሸጥለት በአገር ደረጃ የተወሰነው በታኅሣሥ 2019 ነው። በ2022 ጁል ከ30 በላይ ለሆኑ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2023 አልትሪያ ድርሻውን ጥሎ ወጣ። በሐምሌ 2025 ደግሞ የትንባሆና የሜንቶል ጣዕም ያላቸው ጁሎች እንዲሸጡ ተፈቀደ። ዛሬ የተማሪዎቹ ቁጥር ቀንሷል፤ ቢሆንም በ2024 የሚስቡት ተማሪዎች 1.6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ይህ ቁጥር የእናንተንም ልጆች አይምርም።

አገር ቤት ሕጉ ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን አገር ውስጥ ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ስለዚህ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ በሻንጣ እንዳትይዙ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሠላሳ ዓመት ያጨሳችሁ ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወደዚህ ዕቃ ከዞራችሁም ጨርሳችሁ ዙሩ፤ ጠዋት ሲጋራ ማታ ቬፕ ማለት ሁለት ባለዕዳ መሆን ነው። ፈሳሹንም ከሕፃናት እጅ አርቁ፤ ሲጠጣ መርዝ ነው። ከመንገድ ላይ የተገዛን ነገር ማንም እንዳይስብ! እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ 68ቱን የገደለው የሳንባ በሽታ፣ በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ ምንጭ ከተገኘና የካናቢስ ንጥረ ነገር ካለበት ፈሳሽ ጋር የተያያዘ ነበር።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጃችሁ ኪስ ውስጥ ስታገኟት አትደብድቡት፤ ከቤትም አታባርሩት። የሚያድግ አእምሮ በኒኮቲን ቶሎ ይታሰራል። ሲያጣው ይነጫነጫል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ትምህርት አይገባውም። ይኼ ጥጋብ አይደለም፤ ሕመም ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ነው?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁትና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ነጋዴው ልጃችሁን በጣፋጭ ቃል አናግሮታል። እናንተ በቁጣ ብቻ ብትመጡ ማንን የሚሰማ ይመስላችኋል?