ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው

8 ፕሮሰሰሮች ያሉት ኮምፒውተር ሲበራ ሥራ የሚጀምረው አንዱ ብቻ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ የቀሩት 7ቱ ጥሪ እስኪደርሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። የነቃው ፕሮሰሰር የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ያስነሳል፤ ከርነሉም ስንት ፕሮሰሰር እንዳለ ከማሽኑ ሰንጠረዥ ያነባል።

ከዚያ ከቀሩት ለእያንዳንዱ ሁለት ዓይነት ምልክት ይላካል። አንዱ እንደ አዲስ እንዲሰናዳ ያዛል፤ ሌላው መነሻ አድራሻውን ይነግረዋል። አድራሻው በ8 ቢት ብቻ ስለሚገለጽ ከማህደረ ትውስታው የመጀመሪያ 1 ሜጋባይት አያልፍም። የሚደንቀው፣ የዛሬው ፈጣን ፕሮሰሰር የሚነቃው እ.ኤ.አ. በ1978 እንደወጣው 8086 በ16 ቢት ስልት መሆኑ ነው። በመነሻ አድራሻው ላይ የተቀመጠች አጭር ኮድ ወደ 32፣ ቀጥሎም ወደ 64 ቢት ታሻግረዋለች።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ስታኩ ነው። ስታክ ፕሮሰሰሩ ከአንድ ተግባር ወደ ሌላው ሲሄድ መመለሻውን የሚጽፍበት ቦታ ነው። ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድ ስታክ ከተጋሩ፣ አንዱ የሌላውን መመለሻ ይደመስሳል፤ ያኔ ማሽኑ መንገዱን ይስታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ ስታክ ይሰጠዋል።

ሊኑክስ የተባለው ከርነል በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሮቹን ለዓመታት አንድ በአንድ ሲያስነሳ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 6.5 እትሙ ጎን ለጎን ማስነሳት ጀመረ።