የ1889ኙ የስዊስ ጠመንጃና የገማቹ ዓይን



የድሮ የጦር መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው ወደ ገማች ዘንድ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ገማቹ ግን ከዋጋው በፊት መሣሪያው ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ መኖሩን መመርመር አለበት። የስዊስ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. የተቀበለው የሽሚትና የሩቢን ጠመንጃ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው።

ጠመንጃውን የነደፈው ኮሎኔል ሩዶልፍ ሽሚት ሲሆን፣ የ7.5 ሚሊሜትሩን ጥይት ያዘጋጀው በቱን የጥይት ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ሩቢን ነው። መቀርቀሪያው እጀታው ወደ ላይ ሳይነሣ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ካዝናው 12 ጥይት ይይዛል። ከ200,000 በላይ ስለ ተሠራ ብርቅ ነው ለማለት አይቻልም። በዩናይትድ ስቴትስ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ዓ.ም. የተሠራ ጠመንጃ ሁሉ «ጥንታዊ» ይባላል፤ ይህ ስያሜ ግን ስለ ዕድሜው እንጂ ስለ ደኅንነቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ምርመራው ከቁጥሮቹ ይጀምራል። በአፈሙዙ፣ በመቀርቀሪያው ቤትና በመቀርቀሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ካልሆነ፣ ጠመንጃው ከልዩ ልዩ ክፍሎች ተገጣጥሟል ማለት ነው። በ1889ኙ ላይ 6 ጥይት የሚይዝ ካዝና ቢገኝ ከኋለኛ ሞዴል የመጣ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ እንጨቱ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቨርኒሽ ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ጠመንጃ ዓይን ይስባል። ነገር ግን የማኅተሞቹ ጠርዝ ደብዝዞ፣ እንጨቱም ከብረቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የተፋቀው ቆሻሻው ብቻ አይደለም፤ ታሪኩም አብሮ ተፍቋል። ወታደር ሲይዘው የኖረ፣ የተጫጫረ ግን ያልተነካ ሰደፍ ከዚህ ይበልጣል። ሻጩ «ታድሷል» ሲል እንደ ምስጋና ይናገረዋል፤ ገማቹ ግን እንደ ጉድለት ይመዘግበዋል።

የአፈሙዙ ውስጥ በብርሃን ሲታይ ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጠርዛቸው የተሳለ መሆን አለበት። ጥቁረት በጽዳት ሊለቅ ይችላል፤ የዝገት ጉድጓድ ግን አይለቅም። ጫፉም ለብቻው ይመርመር። ጠመንጃውን አዘውትሮ የወለወለ ትጉህ ወታደር፣ ዘንጉን በጥንቃቄ ካላስገባ፣ ተኩስ ያላበላሸውን ጫፍ ራሱ ይበላዋል።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ የመቀርቀሪያው ነው። በ1889ኙ ሞዴል መቀርቀሪያውን የሚቆልፉት ጥርሶች ወደ ኋላ ስለሚገኙ፣ ጥይቱ ሲተኮስ የሚፈጠረውን ግፊት የሚሸከመው ረጅም ብረት ነው። ይህ ድክመት ስለ ታወቀ በ1896ቱ ሞዴል ጥርሶቹ ወደ ፊት ተደርገዋል። በ1911 ዓ.ም. ለተሻሻሉት ጠመንጃዎች የወጣው ጥይት ያው 7.5 ሚሊሜትር ቢባልም ግፊቱ ከቀድሞው ይበልጣል፤ በ1889ኙም ሊተኮስ አይገባም። ሰብሳቢ ግን በሣጥኑ ላይ ያለውን የሚሊሜትር ቁጥር ብቻ አንብቦ ይገዛል። ስለዚህ ገማቹ በሚሰጠው ምስክር ወረቀት ላይ፣ ከዋጋው መስመር በላይ፣ የ1911 ጥይት ለዚህ ጠመንጃ የተከለከለ መሆኑን በግልጽ ቃል መጻፍ ይኖርበታል፤ ባለቤቱ «እኔ አልተኩስበትም» ቢልም እንኳ፣ ጠመንጃው ነገ በሌላ ሰው እጅ ይገባልና።