የጎደለ ነዳጅና ያልተጻፈ መዝገብ

(በማኅበራችን የአባላት ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ አርባ ምንጭ)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ከቆመ መኪና የሚሰረቅ ነዳጅ ነው። «መኪና የሌለን ሰዎች በነዳጅ ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ እገምታለሁ። እስቲ አብረን እንቁጠር። ከመካከላችን በብድር ባጃጅ ገዝታ ለሾፌር የሰጠች አለች። በሙዝ ማሳዋ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያላት አለች። ከጨንቻ አፕልና ድንች አስጭና ሲቀላ ገበያ የምትሸጥ አለች፤ የጭነት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። ባሏ ሾፌር፣ ወንድሟ ረዳት፣ አባቷ የሌሊት ጥበቃ የሆነባት ደግሞ ብዙ ናት። እንግዲህ ነዳጅ ሲጎድል ጉድለቱ የሚገባው እኛ ቤት ነው።

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ከቁጥር ልጀምር። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በጥቅምት 2017 91 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ 101 ብር ከ47 ነበር፤ ግንቦት ላይ 122 ብር ከ53 ደረሰ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። አገራችን ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ትገዛለች፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። በ2014 መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዋጋው የወጣበት ዋናው መንገድ ይህ ነው።

በ2014 አሥር ሊትር ቤንዚን ጋኑ ውስጥ ይዞ ያደረ መኪና 478 ብር ይዞ አደረ ማለት ነበር። በ2017 ግንቦት ያው አሥር ሊትር 1,225 ብር ሆነ። ሾፌሮች ሰልባትዮ የሚሉት የነዳጅ ጋን ደጅ የሚያድር የገንዘብ ሣጥን ሆኗል። 1,225 ብር በጥሬው ደጃችን ላይ አስቀምጠን የምንተኛ ስንቶቻችን ነን?

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ሲወደድ በአሜሪካ ሰዎች በቁልፍ የሚዘጋ የነዳጅ ክዳን ይገዙ ነበር። በእኛ አገር በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ የአብዮቱን ዘመን ታሪክ የሚያውቁ እናቶች ያስታውሱታል። በ2014 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳም በአሜሪካ ሌቦች የቆመ መኪና ጋን በመሰርሰሪያ እየበሱ ነዳጅ ይቀዱ እንደነበር በዜና ሰምተናል። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር እጅም ይረዝማል።

በእኛ ከተማ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ማደያው ነዳጅ ሲያጣ ወይም ሰልፉ ሲረዝም፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን መንገድ ዳር ብቅ ይላል። ዋጋው ከማደያው እጅግ ይበልጣል። ባለ ባጃጁ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከመዋል ያንን ገዝቶ መሥራት ይመርጣል፤ ልጆቹን ማብላት አለበትና አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ ጠርሙስ ከየት እንደተሞላ ማንም አይጠይቅም። አንዳንዱ ከማደያ በጀሪካን የወጣ ነው። አንዳንዱ ግን ትናንት ሌሊት ከአንዲት እናት ባጃጅ የተቀዳ ነው። ሌባው የሰረቀውን የሚሸጥበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ገዥ ከመንጋቱ ይጠብቀዋል።

አሰራረቁን በሦስት ልክፈለው። የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ በጀሪካን መቅዳት። ሁለተኛው ከሥር የሚሠራ ነው፤ የጋኑን ማፍሰሻ ቡሎን ይፈታል ወይም የነዳጅ መስመሩን ይቆርጣል። በዚህኛው ከነዳጁ ዋጋ የጥገናው ይብሳል። ሦስተኛው ሌሊትም ቱቦም አያስፈልገውም፤ በወረቀት የሚሠራ ነው። 40 ሊትር ተቀድቶ 50 ተብሎ ይጻፋል። ወይም 50 ይቀዳና መንገድ ላይ አሥሩ ይራገፋል። ከዚያ «ሌሊት ተሰርቆ ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ልቤን የሚነካኝን ነገር ልንገራችሁ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነዳጅ በተደጋጋሚ ይጎድል ነበር። መኪናው ግቢ ውስጥ ያድራል። ስለዚህ ጥፋቱ በሌሊቱ ጥበቃ ላይ ወደቀ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አምስት ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አባት ነበሩ። የጠየቃቸው አልነበረም፤ ከደመወዛቸው ተቆረጠ፣ ቀጥሎም ተሰናበቱ። እኔ የወሩን ደረሰኞችና የኪሎ ሜትር ንባቦችን አጠጋግቼ ሳየው፣ ጉድለቱ የበዛው መኪናው ለብዙ ቀን መስክ ወጥቶ በነበረባቸው ሳምንታት ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች መኪናው ግቢው ውስጥ አላደረም። የሌለ መኪና የሚጠብቅ ሰው እንዴት ነዳጅ ይሰርቃል? ይህንን በጽሑፍ አቀረብኩ፤ ተነበበም። እኚያ አባት ግን ከሄዱ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር፤ ባለቤታቸውም በሴቻ መንገድ ዳር በቆሎ እየጠበሱ መሸጥ ጀምረው ነበር።

ስለዚህ መዝገብ ሌባ መያዣ ብቻ አይምሰላችሁ። ንጹሕ ሰው እንዳይታማ ምስክር የሚሆነውም መዝገብ ነው። ድሀ ሰው ጠበቃ አያቆምም፤ በትክክል የተጻፈ ቁጥር ግን ይቆምለታል። ሕጉንም እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። ባሎቻችሁና አባቶቻችሁ ጥበቃ የሆኑ ይህንን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መዝገቡ ከባድ አይደለም፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።

መጀመሪያ መኪናው ወይም ባጃጁ በእውነት ምን ያህል እንደሚበላ እንወቅ። ጋኑን ሙሉ ሙሉት፤ የኪሎ ሜትሩን ንባብ ጻፉ። ከዚያ ይሥራበት። እንደገና ሙሉ ስትሞሉት የገባው ሊትር የተበላው ነው። ለምሳሌ ንባቡ 84,200 ላይ ሞልተን፣ 84,560 ላይ ስንሞላ 40 ሊትር ቢገባ፣ በ360 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ነው፤ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። የጨንቻን ዳገት የሚወጣና በሜዳው ወደ ላንቴ የሚሄድ እኩል አይበላም፤ ለየመንገዱ ለየብቻ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ሳምንት በተመሳሳይ መንገድ ለዚያው 360 ኪሎ ሜትር 52 ሊትር ቢጠየቅ 12 ሊትር ትርፍ አለ። ሊትሩን በ120 ብር ብናስበው 1,440 ብር ነው። በየሳምንቱ ቢደገም በወር 5,760 ብር ይሆናል። ይህ ግን ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ጋኑ አንጠባጥቦ ይሆን? ጎማው ነፋስ ጎድሎት? ጭነቱ በዝቶ? መኪናው ጋራዥ ታይቶ ደህና ከሆነ፣ ያኔ ወደ ሰው እንሄዳለን።

ሁለተኛው ሥራ ርክክብ ነው። ማታ ሾፌሩ መኪናውን ሲያቆም የኪሎ ሜትሩን ንባብና የነዳጁን ጠቋሚ በስልክ ፎቶ ያንሣ፤ እሱም ጥበቃውም ይፈርሙ። ጠዋት ሲወጣም እንዲሁ። ማታና ጠዋት ካልተመሳሰሉ ጉድለቱ የሌሊት ነው። ከተመሳሰሉና በወሩ ሂሳብ ጉድለት ከወጣ፣ የመንገድ ነው። ሁለት ፊርማ ሁለት ሰው ከሐሜት ያድናል። ለውኃ መሳቢያ ሞተርና ለወፍጮ ቤት በርሜል ደግሞ ምልክት የተደረገበት ደረቅ እንጨት አስገብቶ መለካት ይቻላል፤ እናቶቻችን እህል በጎተራ እንደሚለኩት ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲገዛ ተደርጓል። ብዙዎቻችን ኔትወርክ ሲጠፋ አማርረናል፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ግን ስጦታ ነው። የቴሌብር መልእክቱ ቀኑንና ብሩን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የማኅበሩ ነዳጅ ከማኅበሩ ሂሳብ ይከፈል፣ በሾፌሩ ስልክ አይሁን። መልእክቱና የማደያው ደረሰኝ ጎን ለጎን ይያያዙ። ባጃጅ ያላችሁም ከሾፌራችሁ ጋር ይህንኑ ተስማሙ።

አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። እኛ ሴቶች ለበርበሬውና ለጨው መመጠን እናውቅበታለን፤ ለነዳጁም ያው ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በሪፖርታችን የነዳጅ ወጪ ሲበዛ ትጠይቁናላችሁ፤ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ቃል የምገባው፣ ነዳጅ ከተሰረቀ «የተሰረቀ» ብለን፣ ከነሊትሩና ከነብሩ፣ ለፖሊስ ያመለከትንበትን ቀን ጨምረን እንደምንጽፍ ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ስም አንሸፍነውም። የተደበቀ ጉድለት በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ወልዶ ይመጣል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ድርሻችን ትልቅ ነው። በ2017 የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከተፈቀደለት ማደያ ውጭ ነዳጅ መሸጥን ከልክሎ ከባድ ቅጣት አስቀምጧል። ከሕጉም በላይ የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ጎሜ በሠራው ሰው ላይ ብቻ አያበቃም፤ ለቤተሰቡ፣ ለከብቱ፣ ለእርሻው ይተርፋል ይላሉ። የሌላዋን እናት ነዳጅ ርካሽ ሆኖ ያገኘ ሰው፣ ነገ የእሱ ጋን ሲጎድል ማንን ይከሳል? ሰልፉ ሲመርራችሁ ማደያውን፣ የቀበሌውንና የንግድ ጽሕፈት ቤቱን በማኅበር ሆነን እንጠይቅ፤ ሃያ ሴት አንድ ላይ ስትጠይቅ መልስ ይገኛል። ቤታችን ውስጥ ግን የማይታወቅ ጠርሙስ አናስገባ።

ስለ ጠርሙሱ ሌላም ነገር አለ፤ ከገንዘብ የሚበልጥ። ቤንዚን እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፤ በመሬት ላይ እየሳበ ይሄዳል። አልጋ ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ክዳኑ ሳስቶ ከሆነ፣ ወዲያ ጥግ ቡና የምታፈሉበት የከሰል ምድጃ ሊለኩሰው ይችላል። የሃይላንድ ጠርሙስ ለሕፃን ውኃ ነው፤ አንሥቶ ይጠጣዋል። በአፉ በቱቦ የሚስብ ልጅም ወደ ሳንባው ከገባ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። እንዲህ ያጋጠመውን ሰው ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲያስታውክ ተመልሶ ሳንባ ይገባልና። ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ቱቦውን የሚይዙት ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው። የሰው ልጆች ብቻ አይደሉም፣ የእኛም ሊሆኑ ይችላሉ። ልጃችሁ ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ፣ ሥራ ሳይኖረው ገንዘብ ይዞ ሲገባ ዝም አትበሉ። ፖሊስ ከሚጠይቀው እናቱ ብትጠይቀው ይሻላል።

በመጨረሻ ለዛሬው ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበሩ የነዳጅ ደብተር አሳትሞ ባጃጅ፣ ሞተርና ወፍጮ ላላቸው አባላት በሙሉ ይስጥ፤ አሞላሉን እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነፃ አሳያለሁ። ሁለተኛ፣ ጎረቤት የሆኑ ባለ ባጃጆች በአንድ ግቢ እያሳደሩ የአንድ ጥበቃ ደመወዝ ተካፍለው ይክፈሉ፤ መብራትና በቁልፍ የሚዘጋ ክዳንም ይጨመርበት። ሦስተኛ፣ መዝገብ ሳይታይ ማንም አባል ጥበቃዋን ወይም ሾፌሯን በነዳጅ ጉድለት እንዳታሰናብት በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ።

ሦስተኛውን አደራ እላችኋለሁ። ነዳጁ ነገ ይተካል፤ በሐሰት የጠፋ የሰው ስም ግን በሊትር ተለክቶ አይመለስም።

 ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።