የአያቶቻችን ታሪክ የት አለ?



ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር የቲም ልጆቻችንን ይዘን በአዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ጎብኝተናል። አስጎብኚው በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ስለተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስላስቆጠረችው ድንቅነሽ አስረዳን፤ የአክሱምንም ቅርሶች አሳየን።

ከአንኮበር ግርጌ ከአልዩ አምባ የመጣው ልጅ ግን፣ «የእኛስ አያቶች ታሪክ የት አለ?» ሲል ጠየቀ። አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ እንደነበረች፣ ከዚያም በፊት የኢፋት ሱልጣኔት በዚያው አካባቢ እንደነበረ ነገርነው። አንገቱን ቀና አደረገ።

ወገኖቻችን፤ ይህን ለልጁ ሊነግረው ይገባ የነበረው አባቱ ነበር። የቲምን መርዳት ማጉረስና ማልበስ ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ማሳወቅም ነው። በየቤታችሁ ያሉ አረጋውያን የሚያውቁትን መጥተው ለልጆቻችን ይንገሩልን።